ምኑ ነሽ?

ከቀጠሮ ጋር ተጣልተን ነበር። ቀጠሮ ስሙ አይደለም፤ አክስቴ ያወጣችለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ሊመጣ ሲል ደውሎ "ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ብመጣ ይመቻችኋል ወይ?" ብሎ ጠየቀ። አክስቴ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና "ይሄ ሰው ሊያገባሽ ነው ወይስ ጥርስሽን ሊነቅል?" አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሌላ ስም የለውም።

የተወለደው እዚህ ነው፤ ያደገው ግን ባሕር ማዶ። እናቱ ስትሞት አባቱ ይዞት ሄደ፤ ከዓመታት በኋላ አባቱም እዚያው ሞተ። ዘመድ የሚለው ሰው የትም የለውም። እዚያ ሊፍት ይጠግናል። እኔ እዚህ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ኬሚስት ነኝ፤ ቀለም ምን ያህል ጊዜ ፈጅቶ እንደሚደርቅ እለካለሁ። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ትዕግሥቴን እዚያው ጨርሼ ነው ቤት የምገባው። የተዋወቅነው ፋብሪካው ለሥልጠና እሱ ያለበት አገር ልኮኝ ሊፍት ውስጥ ተቀርቅሬ ሳለሁ ነው። በሩን ፈልቅቆ ሲከፍት የመጀመሪያ ቃሉ "ይቅርታ" ነበር፤ ሊፍቱን ያበላሸው እሱ ይመስል። በሥልጠናው አጋማሽ ለዕረፍት አብረን መጥተን ከቤተሰቤ ጋር ተዋወቀ፤ ቀለበትም አሰርን።

የተጣላነው በሌላ ሴት አይደለም፤ በቤተሰብም አይደለም። በሕክምና ነው።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል ኩላሊቴ ተነሳብኝ። እዚያ አገር ሐኪም ዘንድ አይኬድም፤ ይደወላል። ደወልኩ። ሙዚቃ አሰሙኝ። ከሙዚቃው በኋላ አንዲት ሴት ሕመሜን ከአንድ እስከ አስር ባለው ቁጥር እንድገልጽላት ጠየቀችኝ። ዘጠኝ አልኳት። ውሃ ጠጪ አለችኝና ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ሰጠችኝ። የገባሁት በቀጠሮው ሳይሆን በአምቡላንስ ነው።

ከገባሁ በኋላ ግን፣ ሐሰት አልናገርም፣ ሲያክሙ ያክማሉ። ማንም "መጀመሪያ ክፈይ" አላለኝም። ክፍሉ የብቻዬ ነው፤ አልጋው ቁልፍ ሲጫኑት ወገቤን ይዞ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ነርሷ ክንዴን ከመንካቷ በፊት ታስፈቅደኛለች። የጎደለው ሰው ብቻ ነበር። እማዬ ደውላ "አጠገብሽ ማን አለ?" ስትለኝ ዙሪያዬን አየሁና "አልጋው" አልኳት።

ቀጠሮ እስከ ምሽት አብሮኝ ነበር። ነርሷ መጥታ "የጥየቃ ሰዓት አልቋል" ስትል ተነሳ። የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ። "ዕረፍት አድርጊ" አለኝና ሄደ። አልተከራከረም፤ ዘበኛ አልለመነም፤ በሌላ በር ዞሮ ለመግባት አልሞከረም። በነጋታው ጥሩ እንቅልፍ የተኛ ሰው ፊት ይዞ መጣ። ያንን ፊት ይቅር ማለት አቃተኝ። ወደ አገሬ ስመለስ ቀለበቱን መልሼለት መጣሁ።

ፈቃድ ወስዶ ተከትሎኝ መጣ። ሆቴል ካረፈ በኋላ መልእክት ላከልኝ፤ "ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ላነጋግርሽ እችላለሁ?" አልመለስኩለትም። ሐሙስ ጠዋት የደወለው ግን እሱ ሳይሆን የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ነው።

"እህቴ፣ እንግዳችን ከትናንት ጀምሮ ሆዱን ይዞ ይንከባለላል። ሰው አላስቸግርም ብሎ ዝም አለ። ሆስፒታል ደውሎ ቀጠሮ ስጡኝ ቢላቸው ስልኩን ያነሳው ሰውዬ ስቆ ዘጋበት። ከዚህ አገር የሚያውቀው የአንቺን ቁጥር ብቻ ነው።"

አክስቴ ከጓዳ ሰምታለች። ከበሩ ኋላ ሁልጊዜ የተዘጋጀ የሆስፒታል ሻንጣ አላት፤ ብርድ ልብስ፣ ፔርሙስ፣ የፕላስቲክ ሳህን፣ ሶፍት፣ ነጠላ ጫማ። ሌላው ለሰርግ እንደሚዘጋጀው እሷ ለበሽታ ትዘጋጃለች።

"ተጣልተናል እኮ" አልኳት ጫማዬን እያሰርኩ።

"ሲድን ትጣላላችሁ" አለች፤ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ቀድማኝ ወጣች።

ቀጠሮ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ታስሯል። ፊቱ እኛ ፋብሪካ ውስጥ "የሎሚ ጥላ" እያልን የምናመርተውን ቀለም መስሏል፤ ያንን ቀለም እስካሁን የገዛን የለም።

"ይቅርታ" አለኝ። "የተነጋገርነው ለአራት ሰዓት ነበር።"

"እኔ እሺ አላልኩህም።"

"አላልሽም። ግን ምናልባት ብዬ ለበስኩ።"

ሊነሳ ሞከረና እንደ ታጣፊ ወንበር ታጠፈ። ያኔ ነው ትከሻዬን የሰጠሁት። የሰጠሁት ለሕመምተኛ ነው፤ ለሌላ አይደለም። ይሄን ለራሴ እስከ ታክሲው ድረስ ስነግረው ሄድኩ።

*

ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ቀጠሮ ቆም ብሎ "ተራ ቁጥር የሚሰጡት የት ነው?" አለ።

"ተራው እኔ ነኝ" አለች አክስቴ። በክርኗ መንገድ እየከፈተች ጎትታ አስገባችው። እሱ ከኋላዋ የተገፋውን ሰው ሁሉ ይቅርታ እየጠየቀ ገባ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ሆዱን በቀኝ በኩል ተጭኖ ሲለቀው ቀጠሮ ከአልጋው ዘለለ።

"ትርፍ አንጀት ነው። አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ይገባል።"

"ዶክተር" አለ ቀጠሮ ትንፋሹን እየሰበሰበ፤ "ያሉኝን አማራጮች ሊያስረዱኝ ይችላሉ?"

"አንደኛው ኦፕራሲዮን ነው።"

"ሁለተኛውስ?"

"መፈንዳት።"

ቀጠሮ ትንሽ አሰበ። ቀልዴን አይደለም፤ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ አሰበ። "የመጀመሪያው ይሻላል" አለ።

"አስታማሚው ማነው?" አለች ሲስተሯ፤ ሰፋ ያለች፣ ሳቅ የማታውቅ ሴት። እጇ ላይ ገመድ ያለው ካርድ ይዛለች።

እዚህ የሆስፒታሉ የሚባለው ሐኪሙና ቢላዋው ብቻ ነው። ሌላው የአስታማሚ ሥራ ነው። ጓንት ከፋርማሲ የሚገዛ፣ ደሙን ይዞ ላቦራቶሪ የሚሮጥ፣ ስትሬቸር የሚገፋ፣ ግሉኮሱ ሲያልቅ "ሲስተር!" ብሎ የሚጮህ አስታማሚ ነው። ያለ አስታማሚ ማንም አይገባም። ካርዱ ደግሞ ለዘመድ ብቻ ነው፤ "ጓደኛው ነኝ" ያለ አንድ ሰው በሽተኛውን ጥሎ ጠፍቶባቸው ያውቃል።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምኑ ነሽ?"

ቀላል ጥያቄ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከዚህ የከበደ ፈተና አልፌአለሁ። ግን አፌ አልከፈት አለኝ። የነበርኩትን እንዳልል አልፏል፤ ሌላ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ቀጠሮ ከስትሬቸሩ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። ሕመሙን ለአንድ አፍታ የረሳው መሰለኝ፤ መልሱን ከሲስተሯ ይልቅ እሱ የሚጠብቀው ይመስላል።

"እህቱ ናት!" አለች አክስቴ።

ሲስተሯ የእሱን ቁመት አየች፤ የእኔን አጭርነት አየች። "የእናት ልጅ?"

"የአባት" አለች አክስቴ፣ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ።

ካርዱ አንገቴ ላይ ገባ።

ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ እጄን ያዘ። ሊለኝ የፈለገው አንድ ትልቅ ነገር ያለ መሰለኝ፤ ጎንበስ አልኩ። "ቤት ሂጂ" አለኝ። "እዚህ መቆየት የለብሽም። ዕረፍት አድርጊ።"

ያችኑ ቃል! ደሜ ፈላ።

"አልሄድም።"

"ለምን?"

"ስትነቃ የምጣላው ሰው ስለምፈልግ!"

በሩ ተዘጋ። ንዴቴን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ ከንዴቱ ስር ያለውን ነገር ላለማየት ግድግዳውን አፍጥጬ አየሁ። ሁለት እጅ የተቀባ ዘይት ቀለም ነው፤ የታችኛው እጅ በደንብ ሳይደርቅ ነው የላይኛው የተደረበበት። ስሜቱ ገባኝ።

*

ቀጠሮ የነቃው መደዳውን አልጋ የተደረደረበት ክፍል ውስጥ ነው። መጀመሪያ ያየው አክስቴ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ስታብስ ነው። ቀጥሎ ከጎኑ እግሩ በጀሶ ታሽጎ በገመድ የተሰቀለውን የጭነት መኪና ሾፌር አየ።

"ይሄ ክፍል... የማን ነው?" አለ።

"የሁላችንም" አለ ሾፌሩ። "እንኳን ደህና መጣህ።"

አክስቴ ጨርቁን ጨመቀችና ጮክ ብላ "ፈሳህ?" አለችው።

ቀጠሮ ወደ እኔ ዞረ፤ የመድኃኒቱ ቅዠት መስሎታል።

"አየር ወጣልህ ወይ ነው የምትልህ" አልኩት። "ሆድህ ሥራ የጀመረ እንደሆነ የሚታወቀው በእሱ ነው። ካልወጣ ውሃ እንኳ አይሰጥህም።"

ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ሳበው። "እዚያ እኮ" አለኝ በሹክሹክታ፤ "ይሄን የሚጠይቁት መጋረጃ ዘግተው ነው።"

"እዚህ መጋረጃው ሊታጠብ እንደሄደ ነው።"

ከዚያ በኋላ የቀጠሮ ሆድ የክፍሉ ሁሉ ጉዳይ ሆነ። ሐኪሙ ሲያልፍ ይጠይቃል፤ ሲስተሯ ሙቀት ስትለካ ትጠይቃለች፤ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ "አሁንም?" ትላለች። ሾፌሩ "አይዞህ፣ አታፍር፣ እኔ መሪ ስይዝ..." ብሎ ሲጀምር ሚስቱ በትራስ መታችው። ቀጠሮ ለሁሉም "ገና ነው፣ ይቅርታ" ይላል። እኔ ከፋርማሲ ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ ፋርማሲ ስሮጥ ዋልኩ። አክስቴ የእሱን ሾርባ እሱ መጠጣት ስላልተፈቀደለት ለአልጋው ሁሉ አከፋፈለችው።

ታዲያ የሾፌሩ ሚስት ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

"ወንድምሽ ሚስት አለችው?"

"የለችውም" አልኩ። ውሸት አልነበረም።

"ምነው እንዲህ ያለ ጨዋ! ሲታመም ይቅርታ የሚል ወንድ አይቼ አላውቅም። የእኔ ሰውዬ ሲያመው ሰፈሩን በሙሉ ነው የሚሳደበው። ስሚ፣ ታናሽ እህት አለችኝ። ጸጉር ቤት አላት፣ መልኳ መልክ ነው። ምን ትያለሽ?"

"እኔ ምን አገባኝ?"

"ኧረ እህቱ አይደለሽም እንዴ! እህት ካላገባት ማን ያገባዋል?"

ቀጠሮን አየሁት። ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ቀለም መጥቷል። "እህቴ ያለችኝን ነው የምሰማው" አለ፤ እጁን ስፌቱ ላይ ጭኖ፣ እንዳይስቅ እየታገለ። የሚያሾፍብኝ ይመስላል፤ ዓይኑ ግን አያሾፍም። ዓይኑን ያየሁት እኔ ነኝ። ሴትየዋ ስልኳን አውጥታ "ነገ ልብስሽን ቀይረሽ ነይ" ስትል ሰማሁና ጣቴን በፔርሙሱ ክዳን ቆነጠጥኩ።

*

በማግስቱ ሐኪሙ "ይራመድ፣ ሲራመድ ይወጣል" አለ። ኮሪደሩ ላይ ይዤው ወጣሁ። ግሉኮሱ ከራሱ በላይ መሰቀል አለበት፤ የብረት መስቀያው ደግሞ ጎማው ተሰብሯል። እሱ እንደዚያ ረጅም ነው፤ እኔ ጠርሙሱን በተዘረጋ እጅ ይዤ በእግር ጣቴ እሄዳለሁ። ጥቂት እንደሄድን ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ አለልኝ። ስፌቱ እንዳመመው ከፊቱ አየሁ።

"ቀና በል! ማን ጎንበስ በል አለህ?"

"እጅሽ ደከመ።"

"ደከመኝ አልኩህ?"

"አንቺ አትይም" አለ። "ከትናንት ጀምሮ አልተቀመጥሽም። እግርሽ አብጧል። ቤት ሄደሽ ተኚ ስልሽ ትቆጫለሽ። ምን እንዳጠፋሁ ብትነግሪኝ አስተካክለዋለሁ። ሊፍት እንኳ ሲበላሽ የቱ ጋ እንደሆነ ያሳያል።"

እዚያው ኮሪደር መሐል ቆምኩ። አንድ ሰውዬ የኦክስጅን ሲሊንደር እያንከባለለ አልፎን ሄደ።

"ጥለኸኝ ሄድክ" አልኩት። "ያን ቀን ምሽት። ሕመሜን መግለጽ አቅቶኝ እየተንቀጠቀጥኩ፣ በደንብ በማላውቀው ቋንቋ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር። አንዲት ነርስ ውጣ ስላለችህ ኮትህን ቆልፈህ ሄድክ! እሺ እዚያ ደንብ ነው። ግን ትንሽ እንኳ... አንዴ እንኳ 'እምቢ' አትልም? ሄደህ ተኛህ!"

"ተኛሁ" አለ።

ይክዳል ብዬ ነበር። መኪናው ውስጥ ተቀምጬ አደርኩ ምናምን እንዲለኝ ነበር የፈለግኩት። አላለም።

"ተኛሁ። እኔ ካልተኛሁ በነጋታው ምን እጠቅምሻለሁ? እኛ ጋ የሚወዱትን ሰው ለሚያውቅበት ሰጥተው ይሄዳሉ። እንዲያርፍ። እንደዚያ ነው የተማርኩት።"

"ማን አስተማረህ?"

ዓይኑን ከእኔ አንስቶ የግሉኮሱን ጠብታ እያየ ተናገረ።

"አባቴ ሲታመም ተማሪ ነበርኩ። 'ሂድ፣ ተኛ፣ እኛ አለን' አሉኝ። እነሱ ጎበዞች ናቸው፤ እውነታቸውን ነው፣ ነበሩ። ሄጄ ተኛሁ። ጠዋት ስልክ ተደወለ። የደወለችው ነርስ በጣም ጨዋ ነበረች። 'ብቻውን አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ' አለችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።"

ጠርሙሱን ወደ ሌላው እጄ አዛወርኩ።

"አየሽ" አለ፤ "መሄድ ልክ ነው ብዬ ማመን አለብኝ። ልክ ካልሆነ አባቴን ጥዬው ነበር ማለት ነው።"

ያንን በደንብ የተኛ ፊቱን አስታወስኩ፤ ስንት ዓመት ሙሉ እንቅልፉን እንደ ግዴታ ሲፈጽም እንደኖረ ታየኝ። ስሙን ጠራሁት፤ ቀጠሮ ብዬ ሳይሆን በእውነተኛ ስሙ። ቀና ብሎ አየኝ። ከንፈሩ ሊናገር ተንቀሳቀሰ።

ያኔ ወጣ።

እንደ ጨዋ ሰው ቀስ ብሎ አይደለም። የጭነት መኪና ፍሬን ሲለቅ እንደሚሰማው ሆኖ፣ በኮሪደሩ ግድግዳ እያስተጋባ ወጣ። የሲሊንደሩ ሰውዬ ዞረ። ቀጠሮ እስከ ጆሮው ቀላ። "ይቅ—" ሲል ክፍሉ ውስጥ የአክስቴ ድምፅ "ወጣ!" ብሎ ጮኸ። ጭብጨባው ተከተለ። ሾፌሩ የአልጋውን ብረት በማንኪያ ይደበድብ ጀመር።

ሳቅኩ። ሳቄ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና እንባዬ መጣ፤ የማልቀስ ልምድ ስለሌለኝ አስቀያሚ አድርጌ ነው ያለቀስኩት። ጠርሙሱን በአንድ እጄ እንደሰቀልኩ ግንባሬን ደረቱ ላይ ጣልኩ። ጎንበስ ብሎ ሳመኝ። ግንባሬን አይደለም።

"ወይኔ ጉዴ!" የሚል ጩኸት ሰማን።

የሾፌሩ ሚስት በሩ ላይ ቆማለች። ከጎኗ ጸጉሯ ተሠርቶ፣ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ የሚደርስ ቆንጆ ልጅ አለች።

"እህቱን! አፏን! ሲስተር! ሲስተር ኧረ ነይ!"

*

ቀጠሮን አልጋው ላይ መልሰን ስናስተኛው ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ሾፌሩ እንኳ ማንኪያውን አስቀምጧል። ደጅ ዘበኛው "ጠያቂዎች ውጡ! ሰዓት አልቋል! ካርድ የሌለው ውጣ!" እያለ ብረት ይቀጠቅጣል። ሲስተሯ መጥታ እጇን ዘረጋች፤ ካርዱን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋት።

"እንግዲህ እውነቱን" አለች። "ምኑ ነሽ?"

አክስቴ አፏን ከፈተች። "እርስዎ ይቆዩ" አለቻት ሲስተሯ፤ አክስቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆየች።

ያችኑ ጥያቄ። መልሱን አሁን አውቀዋለሁ፤ ግን ይሄን ሁሉ ጆሮ አጠገቤ አድርጌ ማለት አልችልም። ቀለበቱ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። በሩን አየሁ። ዘበኛው ወደ እኔ እየመጣ ነው። ኮቴን አነሳሁ፤ ይኸው፣ ቁልፎቹን ስቆልፍ ራሴን አየሁት፤ እንዴት ቀላል ነገር እንደሆነ።

እጅጌዬ ተያዘ።

ቀጠሮ ከትራሱ ቀና ብሏል። መርፌ የተሰካበት እጁ ነው የያዘኝ። አላስፈቀደም፤ ይቅርታ አላለም፤ የሚመቸኝን ሰዓት አላጣራም።

"አትሂጂ" አለ።

ድምፁ የትልቅ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ሲስተሯ እሱን አየችው፤ እኔን አየችኝ። ዘበኛውን በአገጯ መለሰችው። ካርዱን አንገቴ ላይ መልሳ አጠለቀችልኝና ገመዱን አስተካከለች። "ገባኝ" አለች። "ከእንግዲህ ግን ኮሪደር ላይ አይሁን።"

"እንግዲያው እህቴን በከንቱ አስለበስኳት!" አለች የሾፌሩ ሚስት። ሾፌሩ "ዶክተሩም ያላገባ ይመስላል" አላት። ሁለቱም ሴቶች ወደ በሩ ዞሩ።

አክስቴ ብርድ ልብሷን ከአልጋው ስር መሬት ላይ ዘረጋችልኝና ሻንጣዋን ዘግታ ወጣች። ስትወጣ ለቀጠሮ "ነገ ስንት ሰዓት ብመጣ ይመችሃል?" አለችው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እሱ ስፌቱን ይዞ ተሰቃየ።

"ምነው የእናንተን የሚነሳ አልጋና አክስቴን አንድ ክፍል ውስጥ ማስገባት ቢቻል" አልኩት ከታች ሆኜ። የት አገር እንደምንኖር ገና አልተነጋገርንም።

"እዚያ አክስትሽን አያስገቧትም።"

"አክስቴን የሚከለክል በር ገና አልተሠራም።"

የተኛ መሰለኝ። ከዚያ እጁ ከአልጋው ጠርዝ ወርዶ አየሩን ሲዳስስ ቆየና ጸጉሬን አገኘው።

"ይቅርታ" አለ።

"አሁን ደግሞ ለምኑ?"

"ሳላስፈቅድ ነካሁሽ።"

"ዝም ብለህ ተኛ" አልኩት፤ እጁን እንዳያነሳው ግን በሁለት እጄ ያዝኩት።